የተለካ ግን ያልተነገረ ውኃ፦ ከዮቪል እስከ አቃቂ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ዮቪል በሚባለው ሰፈር የምኖርበት ሕንፃ ባለፈው ዓመት ቦርሆል አስቆፈረ። ምክንያቱን ጆበርግ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቧንቧው አንዳንዴ ለአንድ ቀን፣ አንዳንዴ ለሳምንት ይደርቃል። የውኃ ቦቴ ሲመጣ ከኮንጎው፣ ከዚምባብዌውና ከናይጄሪያው ጋር ጀሪካን ይዞ መሰለፍ ለምደናል። የሕንፃችን ባለቤት ሐበሻ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቆፋሪ አስመጥተው ግቢው ጥግ ላይ አስቆፈሩ፤ ውኃው ኩልል ብሎ ሲወጣ እልል ተባለ፣ ቡና ተፈላ።

በማግሥቱ ጋሼ በሬን አንኳኩ። «ኢንጂነር፣ አንተ የውኃ ነገር ላይ አይደል እንዴ የምትሠራው? እስቲ ይኼን ውኃ አስመርምርልኝ። ሕፃናት ያሏቸው ተከራዮች አሉ» አሉኝ።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። እርግጥ ለጥቂት ዓመታት የኢንዱስትሪ ቦታዎችን የከርሰ ምድር ውኃ የሚከታተል ሲስተም ላይ ሠርቻለሁ። በሺዎች የሚቆጠሩ የናሙና ውጤቶች በኮዴ ውስጥ አልፈዋል፤ በእጄ ግን አንድም ናሙና ወስጄ አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ «እሺ ጋሼ» አልኩና ባዶ የኮካ ጠርሙስ አጥቤ፣ ከቧንቧው ሞልቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። መስክ ወጥታ ናሙና የምትወስደው ባልደረባዬ ጠርሙሱን ስታይ ሳቀች። «በዚህ የሚመረመረው ጠርሙሱ ነው እንጂ ጉድጓዱ አይደለም» አለችኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። በዚያው ሰሞን ከዓመታት በፊት የሠራሁት አንድ ስህተት እንደገና ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለቱም ስል ነው።

ናሙና መውሰድ ውኃ መቅዳት አይደለም

ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ የከረመ ውኃ ከመሬት በታች ያለውን ውኃ አይወክልም። ከአየር ጋር ተነካክቷል፣ ከጉድጓዱ ቧንቧ ጋር ከርሟል፣ ተናኙ ነገር ተንኖለታል። ስለዚህ ባለሙያ መጀመሪያ የውኃውን ጥልቀት በሜትር ገመድ ይለካል፤ ፓምፕ ከተነሣ በኋላ ደረጃው ይዛባልና። ቀጥሎ የቆመውን ውኃ ያወጣል። የድሮው ደንብ ጉድጓዱ ከያዘው ሦስት እጥፍ ይውጣ ይላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የውስጥ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ የክትትል ጉድጓድ በአንድ ሜትር ቁመት 2 ሊትር ገደማ ይይዛል። ውኃው 10 ሜትር ቁመት ካለው 20 ሊትር ነው፤ ሦስት እጥፉ 60 ሊትር መሆኑ ነው።

አሁን አሁን ብዙ ቦታ የሚመረጠው በዝግታ መሳብ ነው። በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ባልበለጠ ፍጥነት እየሳቡ ፒኤች፣ ሙቀት፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም፣ በውኃው ውስጥ ያለ ኦክስጅንና ድፍርስነት በየጥቂት ደቂቃው ይመዘገባል። ሦስት ተከታታይ ንባቦች ሲቀራረቡ አዲሱ ውኃ ከድንጋዩ ውስጥ መምጣት ጀምሯል ማለት ነው። ጠርሙስ የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው።

ጠርሙሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለብረታ ብረት የሚወሰደው ውኃ በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ያልፍና ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለበለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ላቦራቶሪውም «የለም» ይላል። ለቤንዚን ነክ ኬሚካሎች 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ አለች፤ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳትቀር ጢም ብላ መሞላት አለባት፤ አየር ካለ ኬሚካሉ ወደ አየሩ ያመልጣል። ለባክቴሪያ ደግሞ ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሁሉም በረዶ ውስጥ ይገባሉ። ማን ወሰደው፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ የሚለው ፎርም ከናሙናው አይለይም። በዚህ ላይ ንጹሕ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ አብሮ መስክ ደርሶ ይመለሳል። ያ ጠርሙስ ውስጥ ብክለት ከተገኘ ችግሩ ከአያያዙ ነው ማለት ነው። ከአንዱ ጉድጓድም ሁለት ናሙና ተወስዶ ለላቦራቶሪው በተለያየ ስም ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተቀራረቡ አንድ ቦታ ችግር አለ።

የእኔ የኮካ ጠርሙስ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላሟላችም።

አንድ ጉድጓድ አይበቃም

ፋብሪካ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የቆሻሻ መጣያ ባለበት ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃው ከመሬት በታች ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ለዚህ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ የሦስቱ የውኃ ከፍታ ሲነጻጸር አቅጣጫው ይታወቃል። ከሦስቱ አንዱ ደግሞ የግድ ከፋብሪካው በላይ፣ ማለትም ውኃው ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት ባለው ቦታ መሆን አለበት።

ይኼ የላይኛው ጉድጓድ ለምን እንደሚያስፈልግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት ቀላል ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፋብሪካ በሌለበትም ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ከድንጋዩ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ጉድጓድ ሞልቷል፤ ጥርሳቸው የበለዘ ልጆች ምስክር ናቸው። እንዲህ ባለ ቦታ የላይኛው ጉድጓድ ከሌለ ፋብሪካው ያልሠራው ኃጢአት ሊለጠፍበት ይችላል። የሠራውንም «ከተፈጥሮ ነው» ብሎ ሊያመልጥበት ይችላል። የላይኛው ጉድጓድ ለሁለቱም ወገን ዳኛ ነው።

ሌላው ነገር ፍጥነት ነው። ለምሳሌ ያህል ውኃን በደንብ የሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር እንውሰድ። የማሳለፍ አቅሙ በቀን 10 ሜትር፣ የውኃው ገጽ ተዳፋት በ1,000 ሜትር 5 ሜትር፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት 20 በመቶ ቢሆን ውኃው በቀን 25 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በዓመት 90 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ዐሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል። ያፈሰሰው ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ወጥቶ፣ ፋብሪካው ተሸጦ፣ ፋይሉ ጠፍቶ ካለቀ በኋላ ነው የጎረቤት ጉድጓድ የሚበላሸው። በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ከዚህ በጣም ሊፈጥንና ያልታሰበ አቅጣጫ ሊይዝ ይችላል። የዮቪል ኮረብታ ስንጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ነው። የአዲስ አበባ ባዛልትም እንዲሁ።

ክትትል ማለትም ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ «ንጹሕ ነው» ማለት አንድ ቀን ትኩሳት ለክቶ «ይኼ ሰው አይታመምም» እንደ ማለት ነው። በዓመት አራት ጊዜ፣ ከዝናብ በፊትና በኋላ፣ ለዓመታት ይለካል።

ወርቁ ወጥቶ ውኃው የቀረበት ከተማ

ጆሃንስበርግ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ከተገኘ በኋላ ከከተማዋ ደቡብ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ መሬቱ ተቦረቦረ። የማዕድን ዋሻዎቹ እርስ በርስ ተያያዙ። ወርቁ ያለበት ድንጋይ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ውሁድ አለበት። ዋሻው ሲከፈት አየርና ውኃ ያገኘዋል፤ ያኔ ድኙ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ አሲዱ ደግሞ ብረቱን፣ ማንጋኒዙንና ዩራኒየሙን ሳይቀር ከድንጋዩ እያሟሟ ይወስዳል። ኩባንያዎቹ ሲሠሩ ውኃውን በፓምፕ ያወጡት ነበር። ሲዘጉ ፓምፑም ቆመ፤ ዋሻው ቀስ እያለ ሞላ።

በነሐሴ 2002 በምዕራብ በኩል፣ ክሩገርስዶርፕ አካባቢ ቀይ አሲዳማ ውኃ ከመሬት ፈንቅሎ ወጣ፤ ወደ ዱር እንስሳት ፓርኩ በሚወስደው ወንዝ ገባ። በከተማዋ ሥር ባለው ማዕከላዊ ተፋሰስ ፓምፑ የቆመው በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው በቀን ግማሽ ሜትር አካባቢ እየጨመረ መጣ። ይህን ያወቁት በተዘጉ የማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ የውኃውን ከፍታ የሚለኩ ሰዎች ስለነበሩ ብቻ ነው። በ2010 መንግሥት የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ ዝርዝር ጥናት አስጠና፤ ውኃው ከዚህ በላይ መውጣት የለበትም የተባለ ወሰንም ተቀመጠ። በ2014 ጀርሚስተን ላይ የማከሚያ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ውኃው እየተሳበ ኖራ ይጨመርበታል፣ አሲዱ ይበርዳል፣ ብረቱ ይዘቅጣል። ሰልፌቱ ግን አብዛኛው አይወጣም፤ ተሟሙቶ እንዳለ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ፓምፑ ለስንት ዓመት መሥራት አለበት ብሎ ለሚጠይቅ ሐቀኛው መልስ «መቆሚያ የለውም» የሚል ነው።

የዮቪል ጉድጓዳችን የሚገኘው ከወርቁ መስመር ሰሜን፣ ኮረብታው ላይ ስለሆነ የባልደረባዬ ስጋት አሲዱ አልነበረም። እሷን ያሳሰባት የሚያፈስ አሮጌ የፍሳሽ መስመርና በየመንገዱ ያለ የነዳጅ ማደያ ነው። «አደጋ አለ ለማለት ሦስት ነገር ፈልግ» አለችኝ፤ «ምንጩን፣ መንገዱን፣ የሚጠጣውን ሰው። አንዱ ከሌለ አደጋ የለም። ሦስቱም ካሉ ግን ለካ!»

እኔ የሠራሁት ስህተት

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኢንዱስትሪ ቦታ ነበር። ከክትትል ጉድጓዶቹ ሴንሰሮች በየሰዓቱ ቁጥር ይልካሉ፤ ወሰን ሲያልፍ ለኃላፊው ስልክ መልእክት ይሄዳል። ደንበኛው አማረረ፦ «ማስጠንቀቂያው በዛ፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሳን፤ የሴንሰር ስህተት ነው»። እውነትም ሴንሰር ይሳሳታል። እኔም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት መስመር ኮድ ጻፍኩ፦ ከአማካዩ በጣም የራቀ ንባብ እንደ ስህተት ተቆጥሮ ከገበታው ይሰወር። ማስጠንቀቂያው ቆመ። ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ሆነ። ደንበኛው አመሰገነኝ፤ አለቃዬም እንዲሁ።

ከፋብሪካው በታች ያለው አንዱ ጉድጓድ ግን እየተሳሳተ አልነበረም። ዝናብ ሲመጣ ከማጠራቀሚያው ሥር የሚያፈስ ነገር ወደ ውኃው እየታጠበ ይገባ ነበር። ቁጥሩ የሚዘለው በየክረምቱ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የእኔ ኮድ ደግሞ ለይቶ የሚሰውረው እንዲህ ያለውን ነው። ጉዳዩን የደረሰችበት ያቺው ባልደረባዬ ናት፤ በእጇ የያዘችው የመስክ ደብተር ከስክሪኑ ጋር አልገጥም አላት። ሁለት የዝናብ ወቅት አልፎ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ከጉድጓድ ውኃ አትክልት የሚያጠጡ ቤተሰቦች ነበሩ። እነሱም የሰሙት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ሰው ታሟል ብዬ የምናገረው ነገር የለኝም። ነገር ግን «ሲስተሙ ነው» ብዬ ራሴን ላታልል አልችልም። ሲስተሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ዋሽ አላለኝም፤ «ጸጥ አድርገው» ነው ያሉኝ። ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤታችን የሚመጣብን ጥያቄ እንዲህ ያለ ለስላሳ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ መጀመሪያ የመጣ ቁጥር አይሰረዝም። ስህተት ነው ከተባለ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳለ አጠገቡ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ግን እንዳለ ይታያል።

አቃቂ

አክስቴ አቃቂ ናት። ግቢዋ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። «ለልብስና ለከብት ነው» ትለኛለች። ቧንቧ ሲጠፋ ለምን እንደሚውል ግን እሷም እኔም እናውቃለን።

አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ የጉድጓድ መስክ ውኃ ትጠጣለች። መስኩ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃም በጥቅሉ እንደ መሬቱ ተዳፋት ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። በመካከል ያለው ቃሊቲና አቃቂ ነው፦ የከተማዋ ትልቁ የኢንዱስትሪ ሠፈር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። በወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል። በከተማዋ መሐል ያሉ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ናይትሬት እንደሚበዛባቸው እንደ ታምሩ ዓለማየሁ ያሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ከጻፉ ቆይተዋል።

የቆዳ ፋብሪካን ነገር እንውሰድ። ቆዳ የሚለፋው ባብዛኛው በክሮሚየም ጨው ነው። የሚገባው ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ሲሆን፣ አፈር ላይ የሚጣበቅና ብዙም የማይጓዝ ነው። ሁኔታው ከተመቸው ግን ወደ ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። ያ ደግሞ በውኃ ውስጥ በቀላሉ የሚጓዝ፣ ካንሰር የሚያመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሂንክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የጋዝ ኩባንያ ከ1952 እስከ 1966 ክሮሚየም ስድስት ያለበትን የማቀዝቀዣ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ኖረ። ካሳው የተከፈለው በ1996 ነው፤ 333 ሚሊዮን ዶላር። ፊልም የሆነው የኤሪን ብሮኮቪች ታሪክ ይኼው ነው። ከመጀመሪያው ድፍያ እስከ ካሳው 44 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ።

የአቃቂ ጉድጓዶች ተበክለዋል እያልኩ አይደለም። የምለው፦ ከላይ ፋብሪካ፣ ከታች የከተማ መጠጥ ውኃ ባለበት ቦታ የእያንዳንዱ የክትትል ጉድጓድ ውጤት፣ ከካርታው ጋር፣ ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችል ቦታ መቀመጥ አለበት ነው።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖርን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉልበት አለው፦ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም እንደተነካ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት ማለት ይችላል፤ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። መረጃ የማግኘት መብትም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የሲቪል ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ አልተሳካለትም። ያም ቢሆን በሩ ያኔ ተንኳኩቷል።

«ሕዝብ ይደነግጣል» ለሚሉ

የማውቀው ተቃውሞ አለ፦ ውጤት ይፋ ከሆነ ሕዝብ ይደነግጣል፣ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ሥራ ይጠፋል። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛም የሚያሳድገው ልጅ አለው።

ግን ለገደንቢን እናስታውስ። ጉጂ ዞን ሻኪሶ አካባቢ ባለው የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ነዋሪው ለዓመታት ስለ ጤናው አቤት አለ። በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ተቃውሞው ገንፍሎ የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ በ2021 ወደ ሥራ ተመለሰ። በመካከል ጥናቶች ተካሂደዋል፤ ውጤታቸው ግን ለነዋሪው በወጉ ይፋ አልተደረገም ሲል ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ከስሷል። እንግዲህ ዝምታው ድንጋጤን አስቀረ? ሥራውን አስቀጠለ? በየሦስት ወሩ ቁጥሩ ቢለጠፍ ኖሮ፣ ቁጥሩ ጥሩ ከሆነ ኩባንያው በእጁ ማስረጃ ይኖረው ነበር። መጥፎ ከሆነ ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን የት ውኃ እንደሚያጠጡ ያውቁ ነበር። ወሬ የሚነግሠው ቁጥር በሌለበት ነው።

እኛስ?

ውጭ ያለን ባለሙያዎች ስንሰበሰብ «ለአገራችን አንድ ዳሽቦርድ ብንሠራ» ማለት እንወዳለን። እኔም ብዬዋለሁ። አሁን ግን ዳሽቦርዱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። ከእሱ በፊት በትክክለኛው ቦታ የተቆፈረ የክትትል ጉድጓድ፣ የሠለጠነ ናሙና ወሳጅ፣ የብርጭቆ ብልቃጥና ማጣሪያ ሳያልቅበት የሚሠራ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐሳቤ መጠነኛ ነው።

ኬሚስት የሆናችሁ፦ ለአገር ቤት ላቦራቶሪዎች የማነጻጸሪያ ናሙና ልኮ ውጤት ማስተያየት ትልቅ ሥራ ነው። ተማሪ የሆናችሁ፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን ለአንድ የኢንዱስትሪ ሠፈር የላይና የታች ጉድጓዶች ብትሰጡትና ጥሬ ቁጥሩን ክፍት ብታደርጉት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው መነሻ ያገኛል። የሕግ ሰዎች አንቀጽ 11ን አንሡት። እንደኔ ኮድ የምትጽፉ ደግሞ የማይሰረዝ መዝገብ ሥሩ፤ «ጸጥ አድርገው» ሲሏችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቤታቸው ጉድጓድ ላላቸው ወላጆቻችን ደግሞ ዛሬውኑ ደውለን የምንነግራቸው ነገር አለ። ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። አፉ በሲሚንቶ ከፍ ብሎ ይከደን። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትንና ብረታ ብረትን ግን አያጠፋም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ያከማቻቸዋል። ለጡጦ ሕፃን ናይትሬት የበዛበት ውኃ አፍልቶ መስጠት መፍትሔ አይደለም።

የጋሼ ወረቀት

ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ በረዶ የሞላ ሳጥኗን ይዛ ዮቪል መጣች። የሕንፃው ልጆች ከበቧት። ፓምፑን አስነሥታ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቃ፣ ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ ሞላች። እቴቴ የምንላቸው ጎረቤታችን «ይቺ ልጅ ጠበል ነው እንዴ የምትቀዳው?» ብለው አሳቁን።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት መጣ። ቤንዚን ነክ ነገር አልተገኘም። ናይትሬቱ ግን በሊትር 71 ሚሊ ግራም ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 ነው። ኢ ኮላይም ተገኝቷል። በአጭሩ የፍሳሽ መስመር አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ይሆናል፤ ለመጠጥና ለጡጦ አይሆንም።

ወረቀቱን ለጋሼ ሳሳያቸው ዝም አሉ። ለጉድጓዱ ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል። «ከለጠፍኩት ተከራይ ይሸሻል፤ ለሚመለከታቸው በጆሯቸው ብነግርስ?» አሉኝ። ያንን ለስላሳ ጥያቄ አውቀዋለሁ። የዳሽቦርዱን ታሪክ ነገርኳቸው፤ አትክልት ስለሚያጠጡት ቤተሰቦች ጭምር። ትንሽ ቆዩና «በል ጻፈው» አሉ።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፍነው። የኮንጎው ጎረቤታችን በፈረንሳይኛ ጨመረበት፤ አንዲት እናት በዙሉ። ከጉድጓዱ ቧንቧ በላይ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። እስካሁን በዚህ ምክንያት የለቀቀ ተከራይ የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ ያነበዋል፣ ጥያቄ ይጠይቃል። ጋሼ ቧንቧ ሠራተኛ አስመጥተው የፍሳሽ መስመሩን እያስፈተሹ ነው። ወረቀቱ ግርጌ ላይ በራሳቸው እጅ አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «ቀጣዩ ምርመራ ከዝናቡ በኋላ፤ ውጤቱ እዚሁ ይለጠፋል»።

አክስቴ በአቃቂ እንዲህ ያለ አንድ መስመር የምታነብበትን ቀን ያምጣልን።